ሦስተኛው ሽማግሌ ግንቡ ውስጥ ቀረ

መጀመሪያ ስለ እግሬ ልንገራችሁ። አርባ አንድ ቁጥር ነው። ለማያውቁት ሰው የእግርን ቁጥር መንገር ደግ እንዳልሆነ አላጣሁትም፤ ነገር ግን የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ቁጥር ስለሆነ ከአሁኑ ያዙልኝ። የጋሽ ይልማ እግር ደግሞ አርባ አራት ነው። እሱንም ያዙልኝ።

ሎስ አንጀለስ፣ የእኛ ሰው የሚበዛበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በአንድ ነገር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። የሰው መኪና ሳስገባ፣ የሰው መኪና ሳወጣ ጡረታ ወጣሁ። የራሴን መኪና ግን የት እንዳቆምኩ እስከ ዛሬ እየዞርኩ ነው የምፈልገው። ከሠላሳው ዓመት አሥራ ስምንቱን ከግርማ ጋር ነው የሠራሁት። ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ እኔ ቁልፍ እቀበላለሁ፣ እሱ መኪናውን ይዞ ይወርዳል። ግርማ ሲታመም አልጋው አጠገብ ቆሜ «አታስብ፣ ልጅህን ናሆምን እኔ እድራለሁ» አልኩት። ሰው ለታመመ ጓደኛው ብዙ ነገር ይላል። ግርማ ከዚያ አልጋ አልተነሣም። ችግሩ፣ ናሆም በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶኛል።

ናሆም አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ነርስ ሆኗል። ለትምህርት ከፈረንሳይ መጥታ የነበረች ሶስና የምትባል የእኛው ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ትምህርቷን ጨርሳ ወደ አባቷ ተመለሰች። ሁለት ዓመት በስልክ ሲነፋፈቁ ቆዩና ናሆም አንድ ቀን ደፍሮ ለአባትየው ደወለ። አባትየው አቶ ተድላ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ደን ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዛፍ ጋር ስለኖሩ መሰለኝ ነገራቸው ሁሉ ቀስ ያለ ነው።

«ልጄን በስልክ አልሰጥም» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስት ሽማግሌ ደጄ ላይ ሲቆም እሰማለሁ።»

ሶስና ደግሞ የአባቷን እሺታ ሳታገኝ ከዚያ ቤት አንድ እርምጃ እንደማትወጣ ለናሆም ቁርጡን ነገረችው። ልጁ ቤቴ መጥቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ሶስና… እንግዲህ» አለኝ። በር ላይ ቆሞ የሰማውን እንዳልረሳ ገባኝ።

ፌርፋክስ ላይ ሽማግሌ ሞልቷል። አሥራ አንድ ሰዓት አውሮፕላን ላይ መቀመጥ የሚችል ሽማግሌ ነው የጠፋው። አንዱ ወገቡን፣ አንዱ ስኳሩን፣ አንዱ ደግሞ ሚስቱን ፈራ። በመጨረሻ ሦስት ሆንን፤ እኔ፣ ሐጂ ሰይድና ጋሽ ይልማ።

ሐጂ ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ እዚያው ፌርፋክስ ላይ ሱቅ አለው። አሜሪካ ከመግባቱ በፊት ጅቡቲ ሁለት ዓመት ተቀምጧል፤ ስለዚህ ፈረንሳይኛ አውቃለሁ ይላል። ጋሽ ይልማ ደግሞ ታላቃችን ናቸው። እርሳቸው የገቡበት ሽምግልና ሳይሳካ ቀርቶ አያውቅም። የተጣላ ሰው እንኳ እርሳቸው ሊመጡ ነው ሲባል ቀድሞ ይታረቃል፤ ምክራቸው ረጅም ስለሆነ።

ለበረራው ሳምንት ሲቀረን የጋሽ ይልማ ጉልበት አበጠ። ክሬንሾው ሠፈር ያለው ቤታቸው ሄደን ብናይ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ተኝተዋል። ልጃቸውን ከአልጋ ሥር ካርቶን እንድታወጣ አዘዟት። ውስጡ ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው፤ ተወልውሎ ፊት ያሳያል።

«ጉልበቴ አልሄድም ብሏል» አሉ። «ጫማዬ ይሂድልኝ። ሦስተኛ አድርጋችሁ ቁጠሩት።»

«ጋሽ ይልማ፣ ጫማ እንዴት…» ልል ስል ሐጂ በክርኑ ጎሸመኝ።

«አንተ ታደርገዋለህ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «ሐጂ የራሱ ደህና ጫማ አለው። ያንተን አይቼዋለሁ።»

የእኔ ዶክተር ያዘዘልኝ ነጭ ስኒከር ነው። መብራት የለውም እንጂ የሕፃን ነው የሚመስለው። እንግዲህ አርባ አንድና አርባ አራት የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሚስቴ በጫማው ጫፍ ጫፍ ጥጥ ጠቀጠቀችና አደረገችልኝ። ስራመድ እኔ ቀድሜ፣ ጫማው ትንሽ ቆይቶ ይደርሳል።

«ቀጥታ ሂድ፣ ቀጥታ ተመለስ» አለችኝ ኤርፖርት ስትሸኘኝ። «ግንብ ምናምን እንዳልሰማ።»

ግንቡን ከየት አመጣችው እንዳትሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጉዞው ከተቆረጠ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፌርፋክስን ከጫፍ ጫፍ እየዞርኩ «ፈረንሳይ ሄጄ የነገሥታቱን ግንብ ላየው ነው» ስል ነበር። ስልኬ ላይ ግንብ ሳይ አድራለሁ። ምክንያት አለኝ። ፓርኪንግ ስሠራ አንዳንድ ደንበኛ የየት አገር ሰው ነህ ይለኛል፤ ስነግረው «ጎንደርን አይቻለሁ፤ ግንቡ እንዴት ደስ ይላል» ይለኛል። እኔም «በጣም፣ በጣም» እላለሁ። ጎንደርን በእግሬ ረግጬ አላውቅም። አንድ ጊዜማ አንዲት ሴትዮ ፎቶ አውጥታ «ይሄኛው የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «መሀለኛው» አልኳት። ስለዚህ ከመሞቴ በፊት የማንም ይሁን የማን፣ አንድ ግንብ ገብቼ መውጣት ነበረብኝ።

ፓሪስ አንድ ቀን አድረን እሁድ ጠዋት መኪና ተከራየንና ወጣን። ሐጂ ይነዳል፤ እኔ መንገድ አሳያለሁ፤ ማለትም ስልኩ ያሳያል፣ እኔ ስልኩን እይዛለሁ። ከአቶ ተድላ ጋር ያለን ቀጠሮ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሠፈራቸው አካባቢ ደረስን። መንገድ ዳር ግንብ የተሳለበት ቡናማ ምልክት ቆሟል።

«ሐጂ፣ አራት ሰዓት አለን እኮ» አልኩት።

«ሚስትህ ምን ነበር ያለችው?»

«እሷ ያለችው ሎስ አንጀለስ ነው።»

ሐጂ ከንፈሩን መጠጠ፤ መሪውን ግን አዞረ። ኋላ እንደነገረኝ እሱም ሽንቱ መጥቶ ነበር።

ግንቡን ሳይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ያየሁት ፓርኪንጉን ነው። ልማድ ነው። ከትላልቅ ዛፎች ሥር ሜዳ ነው፤ ሦስት መቶ መኪና በምቾት ያቆማል፤ መውጫው ከመግቢያው የተለየ ነው፤ አስፋልት ሳይሆን ጠጠር ማድረጋቸው ብቻ ቅር አሰኘኝ። ከዚያ ቀና ብዬ ግንቡን አየሁ። ዙሪያውን ውሃ ነው። ጣሪያው ላይ የጭስ ማውጫ ብቻ ነው፤ ቆጥሬ ቆጥሬ አርባ ላይ ጠፋብኝ። ውስጥ ስንገባ የንጉሡን አልጋ አሳዩን። እኔ አጭር ነኝ፤ እኔን እንኳ አይበቃኝም። ያ ሁሉ ክፍል ሲዞር አንድ ሽንት ቤት የለውም። ሐጂ በጭንቀት «እነዚህ ሰዎች የት ነበር የሚሄዱት?» እያለ እያንዳንዱን መጋረጃ ከፍቶ አየ።

ከዚያ ወደ ጸሎት ቤቱ ደረስን። ትንሽ ክፍል ናት፤ መስኮቷ ባለ ቀለም መስታወት፣ ፊት ለፊት መሠዊያ፣ ከላይ መስቀል። እኔ ምንም አላሰብኩም። ሰባ ሁለት ዓመት የለመደ እግር ነው፤ በሩ ጋ ቆመ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ገባ። ሐጂም አወለቀ፤ የሰው ጸሎት ቤት ነው ብሎ። ልዩነታችን አንድ ነው። ሐጂ ከመስጊድ በር ላይ ሁለት ጊዜ ጫማ ጠፍቶበታል፤ ስለዚህ ከኪሱ የሱቁን ፌስታል አውጥቶ ጫማውን ከተተና በብብቱ ያዘ። እኔ ጫማዬን፣ ማለትም ሦስተኛውን ሽማግሌ፣ በሩ ዳር በደንብ አስተካክዬ አቆምኩት። ፓርክ አደረግኩት ማለት ይቀላል።

ተሳለምኩ። ለናሆም ጸለይኩ። ለአባቱም። ስጨርስ ከኋላችን ሃምሳ የሚሆን ጎብኚ ገብቶ ይገፋናል። አንድ ዘበኛ በእጁ ወደ ሌላ በር አመለከተን፤ ያ ቤት መንገዱ አንድ ወገን ብቻ ነው፤ በገባህበት አትወጣም። እየተገፋን በጠመዝማዛ ደረጃ ወረድን። ድንጋዩ ቀዝቀዝ ይላል። «ዛሬ ገና እግሬ ተመቸኝ» ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት እንደሱ ነው። ለምን እንደተመቸኝ የገባኝ ጠጠሩ ላይ ስወጣ ነው።

«ሐጂ» አልኩ። «ጋሽ ይልማ ውስጥ ቀሩ።»

ሐጂ እግሬን አየ። ከዚያ ፌስታሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘና የራሱን ጫማ ከውስጡ አውጥቶ አደረገ።

ልንመለስ ስንል በድምፅ ማጉያ አንድ ነገር ተነገረ፤ ሰው ሁሉ ከግንቡ መውጣት ጀመረ። ዘበኞቹ በሩን ዘጉ። ሐጂ «ቆይ፣ እኔ አናግራቸዋለሁ» ብሎ ቀረበ። የጅቡቲው ፈረንሳይኛ የገበያ ፈረንሳይኛ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ወደ እግሬ ጠቆመና ዘበኛውን «ኮምብየን?» አለው፤ ስንት ነው ማለት ነው። ዘበኛው ግራ ገብቶት ረጅም ነገር ተናገረ። ሐጂ በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀና «ትሮ ሼር» አለው። ውድ ነው ማለት ነው።

ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ እንግሊዝኛ ታውቃለች። ነገሩን ያስረዳችን እሷ ናት። ጸሎት ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው ጥንድ ጥቁር ጫማ ትቶ ጠፍቷል፤ ከጫማው አፍ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል፤ ምን እንደሆነ ስላልታወቀ እስኪመረመር ድረስ ዛሬ ማንም አይገባም።

«የማን እንደሆነ አይታችኋል?» አለችን።

እዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ ሊለው የሚገባውን ነው የምትጠብቁት። በካልሲ የቀረ እግሬን ከሐጂ ኋላ አስገባሁና፣ «ይገርማል» አልኳት። «ምን ዓይነት ሰው ነው እንደዚህ የሚያደርገው?»

ሐጂ ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ቀድሞኝ ወደ መኪናው ሄደ።

ስኒከሬ ፓሪስ ቀርቷል። እሁድ ነው፤ የፈረንሳይ ገጠር እሁድ ዳቦ እንኳ አይሸጥም፣ እንኳን ጫማ። ስልኩ በደን ውስጥ አቋራጭ አለ አለን። ግማሽ መንገድ ስንደርስ መንገዱ በብረት ተዘግቷል። መንደሩ በእግር ሃያ ደቂቃ ይላል። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው። ሐጂ መኪናውን ዳር ያዘ፤ እኔም በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኜ «ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ» አልኩት።

ስለ ፈረንሳይ ደን ብዙ ሰምታችሁ ይሆናል። ዛፉ ረጅም ነው፣ አየሩ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን የማውቀው መሬቱን ነው። እንደ ጃርት በእሾህ የተሸፈነ ፍሬ የሚጥል ዛፍ አላቸው፤ ያ ሁሉ ፍሬ የወደቀው እኔ በምረግጥበት በኩል ነው። አሥር እርምጃ እንደሄድኩ ካልሲዬ ፍሬ ለቀመ። ሐጂ አዘነልኝ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለሰዓቱ። የጫማውን ፌስታል ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ለአቶ ተድላ ያመጣነውን ማር ከያዘው ፌስታል አውጥቶ ሌላውንም ጨመረልኝ። ሁለቱን እግሬን በፌስታል ጠቅልዬ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቋጠርኩ። ስራመድ ድምፁ ቺፕስ እንደሚበላ ሰው ነው።

ድምፁን ሰምቶ መሰለኝ፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ የዱር አሳማ ወጣና መንገዱ መሀል ቆመ። በሬ ያህላል። ቆምን።

«ከእኔ ጋር ጸብ የለውም» አለ ሐጂ በሹክሹክታ። «ዘሩን በልቼ አላውቅም።»

«እኔም እኮ አልበላም።»

«እንግዲያው አብረን እናስረዳው።»

እኔ ሳንታ ሞኒካ ሳለሁ የበላሁት አንድ ሳንድዊች ትዝ አለኝና ዓይኔን ወደ መሬት አደረግኩ። አሳማው እኔን አየ፣ ፌስታሌን አየ፣ ምንም የሚረባ ነገር እንዳልሆንኩ ተረድቶ ሄደ።

አሥር ሰዓት ካለፈ ሦስት ደቂቃ ላይ አቶ ተድላ ደጃፍ ቆምን። በሩን የከፈተችው ሶስና ናት። ሐጂን አየች፣ እኔን አየች፣ እግሬን አየች፤ ከንፈሯን ነክሳ ዞር አለች። አቶ ተድላ ሳሎን መሀል በሙሉ ልብስ ቆመዋል። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አወረዱና ጎንበስ ብለው እግሬን ማንበብ ጀመሩ። የሐጂ ፌስታል ላይ ጽሑፍ አለበት ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቀኝ እግሬ ላይ «ስለመረጡን እናመሰግናለን» ይላል። ግራ እግሬ ላይ «ተመልሰው ይምጡ»።

«ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አሉ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አለ ሐጂ ደረቱን ነፍቶ። ወጉ እንደዚያ ነው፤ ያውቃል። አውራ ጣቴ ላይ እሾህ የተሰካብኝ እኔ ነኝ እንጂ እሱ ምን ተዳው።

አቶ ተድላ በጣታቸው ቆጠሩን። አንድ። ሁለት። «ሦስት ነበር ያልኩት» አሉ። «ሦስተኛውስ?»

ሐጂ ወደ እኔ ዞረ። መዋሸት እችል ነበር፤ ታመሙ ማለት ይበቃል። ነገር ግን በአንድ ቀን ሁለት ውሸት፣ ያውም ሽማግሌ ሆኜ፣ ያውም በግርማ ልጅ ጉዳይ፣ አንደበቴ እንቢ አለ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጉልበቱን፣ ካርቶኑን፣ ጥጡን፣ ግንቡን፣ ለልጅቷ ያልኳትን ሳይቀር። ከጓዳ ሶስና ሳቋን ስታፍን ይሰማል። እኔ የናሆም ነገር እዚህ ላይ እንዳበቃለት ቆርጬ ነበር።

«ሦስተኛው ሽማግሌ ግንቡ ውስጥ ነው ያለው?» አሉ አቶ ተድላ።

«አዎ።»

«ብቻቸውን?»

«ብቻቸውን።»

«እርስዎ ለምንድነው ያወለቁት?»

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ» አልኩ። «መስሎኝ።»

አቶ ተድላ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እኔም መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን እዚያችው በር ላይ አውልቄ ነበር» አሉ። «ሰው ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ተውኩት።» ከዚያ ዞር ብለው በዚያው በማይፈታ ፊታቸው፣ «ሦስት ብያለሁ፤ ሦስት ነው። ነገ ጠዋት ሄደን እናመጣቸዋለን። እስከዚያ ድረስ እንግዶቼ ናችሁ እንጂ ሽማግሌ አይደላችሁም። ቁጭ በሉ» አሉ።

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ተቀምጬ ነበር።

በማግሥቱ የአትክልት ቦት ጫማቸውን አዋሱኝ። አርባ አምስት ቁጥር ነው። ግንቡ ቢሮ ስንደርስ ያቺው የትናንትናዋ ልጅ ናት። አቶ ተድላ በፈረንሳይኛ ሲያስረዷት እሷ እኔን ታየኛለች፤ እኔ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት አያለሁ። ጫማው በሚያሳይ ላስቲክ ታሽጎ መጣ፤ ጥጡ ደግሞ ለብቻው በትንሽ ላስቲክ፣ ወረቀት ተለጥፎበት። አቶ ተድላ ፈርመው ተረከቡ፤ «የባለቤቱ ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደጻፉ ጠየቅኳቸው። «ሽማግሌ» አሉ።

ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ ቆሙ። ጫማውን ከላስቲኩ አውጥተው በእኔና በሐጂ መሀል ጠጠሩ ላይ አስቀመጡት፤ ጫፉን ወደ ራሳቸው አዞሩት። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ኮታቸውን ቆለፉ።

«አሁን ሞላችሁ» አሉ። «ለምን መጣችሁ?»

ለሦስት ሳምንት የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ። አበባ ነበረው፣ ዘር ነበረው፣ ቃል ኪዳን ነበረው። አንዱም አልመጣልኝም። ዙሪያዬን ሳይ መኪና ነው፤ ሰው ቁልፉን ይዞ ይወጣል፣ ይገባል።

«የልጁ አባት ከእኔ ጋር ፓርኪንግ ነበር የሚሠራው» አልኩ። «አሥራ ስምንት ዓመት የሰው መኪና ተቀብሎ አንዱን እንኳ ጭሮ አያውቅም። እንደተሰጠው አድርጎ ነበር የሚመልሰው። እኔ ጭሬ አውቃለሁ፤ እሱ ግን አያውቅም። ልጁ እሱን ነው። ልጅዎን ለዚህ ልጅ እንዲሰጡልን ነው የመጣነው።»

አቶ ተድላ ጫማውን አዩት። «እኚህኛውስ ምን ይላሉ?»

«እርሳቸው ከተስማሙ ነው ዝም የሚሉት» አለ ሐጂ።

ያን ጊዜ ነው የአቶ ተድላ ፊት የተፈታው። መጀመሪያ ጢማቸው፣ ከዚያ ትከሻቸው፣ ከዚያ ሁለመናቸው ሳቀ። ዓይናቸውን እየጠረጉ «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። ተሳሳምን። እኛ ስንሳሳም ከኋላችን አንድ መኪና መውጫ አጥቶ ጡሩምባ ይነፋል፤ እኔ ሳላስበው እጄን አንሥቼ «ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በቃ» ብዬ አወጣሁት።

ናሆም ስንደውልለት ሥራ ላይ ነበር። «ኦኬ» አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ «ኦኬ ጋሼ» አለ። ከዚያ ስልኩን ሌላ ነርስ ተቀበለችውና «ምን ነገራችሁት? እያለቀሰ ነው» አለችን።

ሠርጉ ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብሎ ቶራንስ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ጋሽ ይልማ ያን ጥቁር ጫማ አድርገው ከአቶ ተድላ ጎን ተቀመጡ። እንግዳው ሁሉ ሰላም ሊላቸው ሲመጣ እግራቸውን ትንሽ ወደ ፊት ዘርጋ ያደርጋሉ። ፈረንሳይ የሄዱት እርሳቸው እንደሆኑ፣ እኔ ጫማ ተሸካሚ ሆኜ እንደተከተልኳቸው ለስንቱ እንደነገሩ አላውቅም። ሐጂም አላስተባበለም።

ሚስቴ ደግሞ ከፈረንሳይ ከተመለስኩ ጀምሮ ምንም አልጠየቀችኝም ነበር። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ቀጥታ ነው የሄድከው አይደል?»

«ቀጥታ።»

«ግንቡስ እንዴት ነበር?»

ኬኩን አኘክሁ። «ፓርኪንጉ ሰፊ ነው» አልኳት።